ዕቃ ከመቀየር በፊት፦ የመሪ መምታትና የፍሬን ችግር እንዴት ይመረመራል?



በየጋራዡ በር ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የማይጠፉ ሁለት ቅሬታዎች አሉ። አንዱ «መሪው ይመታል» የሚለው ነው። ሌላው «ፍሬኑ አላማረኝም» የሚለው ነው። ቅሬታዎቹ አጫጭር ናቸው፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ረጅም የዕቃ ዝርዝር ሆኖ ይመጣል። ቴስቲና ይገዛ፣ ቦል ጆይንት ይገዛ፣ ዲስክ ይገዛ፣ ጎማ ይቀየር ይባላል። ባለቤቱ ከልጆቹ ጉሮሮ ነጥቆ ይከፍላል። መኪናው ከጋራዥ ይወጣል፤ ቀለበት መንገድ ላይ ፍጥነቱ ከፍ ሲል መሪው እንደገና መምታት ይጀምራል።

ዛሬ ልሟገትለት የመጣሁት ነገር አንድ ነው። መንቀጥቀጡ መቼ እንደሚመጣ፣ የት እንደሚሰማና ምን ሲደረግ እንደሚጠፋ ሳይታወቅ አንድ ዳዶ እንኳ መፈታት የለበትም። ጉዳዩ ከገንዘብም ያለፈ ነው። መሪና ፍሬን የሰው ሕይወት የተንጠለጠለባቸው ክፍሎች ናቸው። በግምት ዕቃ ሲቀየር ዋናው ብልሽት እዚያው ተቀምጦ ይቀራል፤ ባለቤቱ ደግሞ «ተሠርቷል» ብሎ ልቡን ጥሎ ይነዳል። ከማያስተማምን መኪና ይልቅ ያለ አግባብ የታመነ መኪና ይበልጥ ያስፈራኛል።

ጥሩ ሐኪም መድኃኒት ከመጻፉ በፊት እንደሚጠይቅ፣ ጥሩ መካኒክም ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል። መንቀጥቀጡ የሚመጣው በተወሰነ ፍጥነት ላይ ነው ወይስ በማንኛውም ፍጥነት? ፍሬን ሳይነካ ነው ወይስ ፍሬን ሲያዝ ብቻ? ለስላሳ አስፋልት ላይ ነው ወይስ ጉድጓድ ከተመታ በኋላ? ከዚያ የሚሰማበት ቦታ ይጠየቃል። እጅ ላይ፣ ማለትም መሪው ላይ የሚሰማ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፊት እግር ይሄዳል። ወንበሩና ወለሉ ላይ የሚሰማ ከሆነ በቅድሚያ የኋላው እግር ይታያል። ጥያቄው ሲያልቅ የፍሬን ዘይቱ መጠንና የፔዳሉ ጥንካሬ ይታያል፤ እነሱ ደህና ከሆኑ መካኒኩ ባለቤቱን አጠገቡ አስቀምጦ መኪናውን ራሱ ይነዳል። ግቢ ውስጥ የቆመ መኪና መንቀጥቀጡን አያሳይም።

በፍጥነት የሚመጣውን እናስቀድም። መኪናው እስከ 70 ድረስ ሰላም ነው። ከ80 እስከ 110 ኪሎ ሜትር በሰዓት ባለው መካከል መሪው ይርገበገባል፤ ከዚያ ሲያልፍ ይረጋጋል። እንዲህ ያለ ምልክት ሲነገረን ሐሳባችን መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ጎማ ባላንስ ነው። ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ። የአንድ ተራ የቤት መኪና ጎማ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 15 ጊዜ ያህል ይዞራል። በቸርኬው ጠርዝ ላይ የ30 ግራም ልዩነት ቢኖር፣ ያቺ 30 ግራም በዚህ ፍጥነት የ5 ኪሎ ግራም ክብደት በሚያክል ኃይል ጎማውን በየዙሩ ወደ ውጭ ትስበዋለች። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን ኃይሏ ሩቡን ብቻ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናልና።

ከ110 በላይ ለምን ይረጋጋል? የፊት እግርና የመሪው ክፍል በአንድነት የራሳቸው የመወዛወዝ ምት አላቸው። የጎማው ዙር ከዚያ ምት ጋር ሲገጥም መንቀጥቀጡ ይጎላል፤ ሲያልፈው ይቀንሳል። ስለዚህ «ፍጥነት ስጨምር ይተወኛል» የሚል ሾፌር መኪናው ድኖለት አይደለም። ኃይሉ ይብስ ጨምሮ ኩሽኔታውንና ቴስቲናውን እየደበደበ ነው።

ሆኖም ወደ ባላንስ ማሽን ከመሮጥ በፊት ጎማው ይታጠብ። በክረምት ከገጠር መንገድ የተመለሰ መኪና ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ይዞ ይመጣል። ከውጭ ሲታይ ንጹሕ ነው፤ ከውስጥ በኩል ግን ጭቃው እንደ ሲሚንቶ ተጋግሮ ይገኛል። በውኃ ብቻ የሚድን መንቀጥቀጥ አለ። ከታጠበ በኋላ ጎማው በዓይንና በእጅ ይዳሰስ። ጎኑ ያበጠ ጎማ ውስጡ ያሉት ክሮች ተበጥሰዋል፤ የመሬት መርገጫው አንድ ቦታ ላይ ጎበጥ ያለ ጎማ ደግሞ ውስጡ ያለው የሽቦ ንጣፍ ተላቋል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጎማ የትኛውም ባላንስ አያድነውም፤ መንገድ ላይ ሊፈነዳ ስለሚችል ወዲያውኑ ይወገድ። ዕድሜውንም እዩ። ጎኑ ላይ ከተጻፉት የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የፊተኞቹ ሁለት ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለት ዓመቱን ይነግራሉ። 2319 የሚል ካገኛችሁ ጎማው የተሠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባላንሱ ተስተካክሎም ክብ ያልሆነ ጎማ፣ ወይም በጉድጓድ የተጎዳ ቸርኬ መንቀጥቀጡን ይቀጥላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። እግሩን በክሪክ አንሡ፤ ስር ጠንካራ ድጋፍ አስገቡ፤ አንድ ቀጭን ሽቦ ከጎማው ጫፍ አጠገብ አቁማችሁ ጎማውን በእጅ በቀስታ አዙሩ። በሽቦውና በጎማው መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋና ሲጠብ ታያላችሁ። ዓይን ያየውን መከራከር አይቻልም።

እግሩ ከተነሣ አይቀር ላላ ያለ ነገር መኖሩን እንፈትሽ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ አንዴ ግፉ፣ አንዴ ሳቡ። ጨዋታ ካለው ከኩሽኔታው ነው ወይስ ከቦል ጆይንቱ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይገምታል፤ መገመት ግን አያስፈልግም። ረዳታችሁ የፍሬን ፔዳሉን ረግጦ ይያዝ፤ እናንተ እንደገና ነቅንቁት። ፍሬን ሲያዝ ጨዋታው ከጠፋ ችግሩ ኩሽኔታው ነው፤ ፍሬኑ ጎማውንና እግሩን አንድ ላይ ስላሰራቸው መላላቱ ተሸፍኗል። ፍሬን ተይዞም ጨዋታው ካለ ወደ ቦል ጆይንቱና ወደ ጎሚኒዎቹ ሂዱ። ከዚያ ግራና ቀኙን ይዛችሁ ነቅንቁ፤ በዚህ አቅጣጫ የሚመጣ ጨዋታ በብዛት የቴስቲና ነው። ይህ ሁሉ ምርመራ የሚጠይቀው ክሪክ፣ ድጋፍና ረዳት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሠልጣኞች ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። የላላ ቴስቲና አብዛኛውን ጊዜ በራሱ መንቀጥቀጥ አይፈጥርም፤ ከጎማው የመጣውን ትንሽ መንቀጥቀጥ ትልቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ቴስቲና ቀይሮ ባላንሱን መተው ግማሽ ሥራ ነው። አዲሱም ቴስቲና በዚያው ምት ተደብድቦ ያለ ዕድሜው ያልቃል።

ጉድጓድ ከተመታ በኋላ የሚቀሰቀሰው መንቀጥቀጥ ሌላ ዓይነት ነው። በገጠር መንገዳችን የምናውቃቸው የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘሮች የፊት እግራቸው ግራና ቀኙ በአንድ ወጥ አክስል የተያያዘ ነው። እንዲህ ባለ መኪና አንዱ ጎማ ሲመታ ሌላውም ይናወጣል። የሚይዘው ክፍል የላላ ከሆነ መናወጡ ራሱን እየመገበ ይቀጥላል፤ መሪውን ከሾፌሩ እጅ የሚነጥቅ እስኪመስል ድረስ። ይህ ሲገጥማችሁ ከመሪው ጋር አትታገሉ፣ ፍሬንም በድንገት አትርገጡ። መሪውን አጥብቃችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሡ፣ ፍጥነቱ በራሱ ይውረድ። በኋላ አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ዘንግ ጎሚኒ፣ እግሩ የሚታጠፍበት ቦታ ያሉት ኩሽኔታዎች፣ ቴስቲናዎቹና የጎማው ባላንስ በተራ ይፈተሹ። ብዙዎች መሪውን የሚያረጋጋውን አሞርዛተር ብቻ ይቀይራሉ። መንቀጥቀጡ ለጥቂት ጊዜ ይጠፋል፤ የላላው ክፍል ግን ከውስጥ መብላቱን አያቆምም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?

አሁን ወደ ፍሬን እንለፍ። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጸጥ ብሎ ይሄዳል፤ ፍሬን ሲነካ ግን መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ፔዳሉ እግር ስር ይመታል። ይህ የጎማ ባላንስ ጥያቄ አይደለም፤ ወደ ፊት ዲስክ ይመራናል። በእርግጥ በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ፔዳሉ ቶሎ ቶሎ ቢመታ ኤቢኤሱ ሥራውን እየሠራ ነውና እግራችሁን አታንሡ። እኔ የምናገረው በደረቅ መንገድ፣ በቀስታ ፍሬን ሲያዝ ስለሚመጣው ነው።

አንዲት ኮሮላ ላሳያችሁ። በሌላ ጋራዥ የፊት ዲስኮቿ በተደጋጋሚ ተቀይረዋል። አዲስ ዲስክ በገባ ቁጥር ለጥቂት ጊዜ ትድናለች፤ ከዚያ መንቀጥቀጡ ይመለስባታል። «ዲስኩ በሙቀት ጎበጠ፣ ዕቃው ጥራት የለውም» ተብሎ ለባለቤቷ ተነግሯቸዋል። በኋላ ግን ለመለካት ጎማው ተፈታ፤ ዲስኩ በዳዶዎቹ ተመልሶ ከእግሩ ጋር ተጠበቀ፤ ጥቃቅን መጣመምን የሚለካው የዳያል ጌጅ መርፌ ፊቱ ላይ አረፈ። ዲስኩ በእጅ ሲዞር መርፌው ወዲያና ወዲህ 0.12 ሚሊ ሜትር ተጓዘ። ለእንዲህ ያለች መኪና የሚፈቀደው 0.05 ገደማ ነው። ከዚያ ዲስኩ ወጣ። ዲስኩ የሚያርፍበት የብረት ፊት በዝገትና በደረቀ ጭቃ ተሸፍኗል፤ በአንድ በኩል ያለው ዝገት ጥፍር የሚይዘው ሆኗል። ችግሩ ያ ነበር። ፊቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ተጠረገ፤ ያው ዲስክ ተመልሶ ገባ፤ መርፌው 0.03 ላይ ቆመ።

ይህ እንዴት ይሆናል? ዲስኩ ጠማማ ሆኖ ሲታሰር ፍሬን ሳይያዝም በየዙሩ አንዱ ቦታ ሸራውን ይነካዋል። በሺዎች ኪሎ ሜትር ውስጥ ያ ቦታ ከሌላው ይበልጥ ይበላል፤ ወይም የሸራው ቅሪት ይለጠፍበታል። በመጨረሻ የዲስኩ ውፍረት ከቦታ ቦታ ይለያያል። የ0.02 ሚሊ ሜትር ልዩነት፣ ማለትም ከፀጉር ውፍረት በታች የሆነ ነገር፣ መሪ ላይ ለመሰማት ይበቃል። አዲስ ዲስክ በዚያው ዝገት ላይ ሲታሰር ታሪኩ ከአንድ ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ ውፍረቱ በማይክሮሜትር ዙሪያውን በስምንት ቦታ ይለካ። ቶርኖ ቤት ገብቶ ቢላጥም ዲስኩ ላይ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረት በታች መውረድ የለበትም። ከዚያ በታች የሆነ ዲስክ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ስለሚቀንስ ቦታው የብረት ማጠራቀሚያ ነው።

የጎማ ዳዶ አጠባበቅም እዚሁ ይነሣል። በጎሚስታ ቤት ዳዶዎቹ በአየር መሣሪያ እስኪጮኹ ድረስ ሲጠበቁ ታያላችሁ። ኮሮላን ጨምሮ የብዙ ትናንሽ ቶዮታዎች የጎማ ዳዶ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ከልክ በላይ ወይም አንዱ ጠብቆ ሌላው ላልቶ የታሰረ ጎማ ዲስኩን ያጣምመዋል። ዳዶ በተርታ አይጠበቅም፤ አንዱን ካጠበቃችሁ ቀጥሎ ከፊት ለፊቱ ያለውን ያዙ፣ በመጨረሻ ልኩን በሚያሳይ ቁልፍ ጨርሱ። ከጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች በኋላም መልሳችሁ ፈትሹት።

ቀጥሎ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን የሚስብ መኪና አለ። ወደ ግራ ሲስብ ሁሉም ሰው የግራውን ፍሬን ይፈታል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው በቀኝ በኩል ያለው ነው። የቀኙ ፒስቶን ወይም ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ዘንግ ዝጎ ተይዟል፤ ሥራውን ሁሉ የግራው ብቻውን ይሠራል፤ መኪናው ወደሚሠራው ጎን ይሳባል። መለያው ሙቀት ነው። ከአጭር ጉዞ በኋላ እጃችሁን ብረቱን ሳትነኩ ወደ ሁለቱም ቸርኬዎች አስጠጉ፤ የሙቀት መለኪያ ካላችሁ ደግሞ ለኩ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚስብ ከሆነና አንዱ ከቀዘቀዘ፣ የቀዘቀዘው አይሠራም። ፍሬን ሳይያዝም የሚስብ ከሆነና አንዱ ከልክ በላይ ከጋለ፣ የጋለው አይለቅም። የማይለቀውን እግር አንሡና ጎማውን አዙሩ፤ ካልዞረ የአየር ማውጫዋን ብሎን በትንሹ አላሏት። ዘይት ወጥቶ ጎማው ነጻ ከሆነ ከውስጥ የተዘጋው የፍሬኑ ላስቲክ ቱቦ ነው። ካልተለቀቀ ጥፋቱ ካሊፐሩ ውስጥ ነው። ሸራ ሲቀየር ደግሞ ምን ጊዜም በግራና በቀኝ አብሮ ይቀየር፤ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲቀረውም ጊዜው ደርሷል።

ፔዳሉም የራሱ ቋንቋ አለው። ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ፔዳል መስመሩ ውስጥ አየር እንዳለ ይናገራል። ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ የሚሰምጥ ፔዳል የሚያፈስ ነገር አለ ይላል፤ የዘይቱ መጠን እየቀነሰ ከሄደ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው፣ መጠኑ ካልተነካ ዋናው የፍሬን ፖምፓ ከውስጥ እያሳለፈ ነው። እንዲህ ያለ መኪና አንድ ሜትር እንኳ መነዳት የለበትም። እንደ ድንጋይ የሚደርቅ ፔዳል ሲገጥማችሁ ደግሞ ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ፤ እግራችሁን ሳታነሡ ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ የእግራችሁን ኃይል የሚያግዘው ሰርቮ ይሠራል፤ ካላለ ሰርቮው ወይም ከሞተሩ ወደሱ የሚሄደው ቱቦ ተበላሽቷል። ሰርቮ የሚሠራው በውጭው አየር ግፊትና ሞተሩ በሚፈጥረው ዝቅተኛ ግፊት (ቫኪዩም) መካከል ባለው ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ እኛ ደጋ ላይ ለምንነዳ ሰዎች የሰርቮው እርዳታ ከመነሻውም የቀነሰ ነው፤ ትንሽ ቀዳዳ ሲጨመርበት ጉዳቱ ፈጥኖ ይታያል።

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚያስጨንቀኝ የቁልቁለት ፍሬን ነው። ከጎሃ ጽዮን ተነሥታችሁ ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ትጥላላችሁ። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ያው መኪና ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 25 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሲቆም ፍሬኑ ላይ የሚያርፈውን ያህላል። ያ ሁሉ በፔዳል ብቻ ከተያዘ ወደ ዲስኩና ወደ ሸራው በሙቀት ይገባል፤ ከዚያም ወደ ዘይቱ ያልፋል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ 3.7 በመቶ ውኃ ሲገባበት ግን ሊቋቋም የሚጠበቅበት ዝቅተኛ ልክ 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ይታመቃል፤ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይገባል፤ መኪናው አይቆምም። «ፍሬን በጠሰ» ተብሎ ከሚወራው ውስጥ ምንም ያልተበጠሰበትና ዘይቱ የፈላበት አለ።

ስለዚህ የፍሬን ዘይት በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ይቀየር። የሞተር ዘይትም ሆነ የመሪ ዘይት በምንም ዓይነት አይጨመርበት፤ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ሥርዓቱን በሙሉ ያበላሻል። ቁልቁለቱን ዳገት ሆኖ በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ፤ ፍሪ አድርጋችሁ ነዳጅ ለመቆጠብ አትሞክሩ። ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ይዛችሁ ፍጥነቱን ቀንሱና ልቀቁት፤ እንዲተነፍስ ጊዜ ስጡት። ሽታ ከሸተታችሁ ወይም ፔዳሉ ከረዘመባችሁ ሜዳ ቦታ ላይ ቁሙ፤ የጋለ ዲስክ ወይም ታምቡር ላይ ውኃ አትድፉ፣ ይሰነጠቃል። ጎማ ስር ድንጋይ ካደረጋችሁ ስትነሡ ድንጋዩን ከመንገዱ አውጡ፤ ከኋላ የሚመጣው የሰው ልጅ ነው።

ለጋራዥ ባለሙያዎች የምማጸነው ይህን ነው። ዳያል ጌጅ፣ ማይክሮሜትርና የዳዶ ልክ የሚያሳይ ቁልፍ የቅንጦት ዕቃ አይምሰሏችሁ። የለካችሁትን ቁጥር ለባለቤቱ አሳዩ፤ የወጣውን አሮጌ ዕቃ አስረክቡ። ለባለቤቶች ደግሞ እንዲህ እላለሁ፦ «ምን ይቀየር?» ከማለታችሁ በፊት «በምን አረጋገጣችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የቦሎ ጊዜ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ነገ ጠዋት ሞተር ከማስነሣታችሁ በፊት የፍሬን ዘይቱን መጠን እዩ፤ አራቱንም ጎማ ዙሩና ዳስሱ፤ ፔዳሉን ረግጣችሁ ትንሽ ያዙት። ከሰመጠ መኪናውን እዚያው አቁማችሁ መካኒክ ጥሩ።